የባንክ የሳንቲም ሳጥን፦ የብር ማዕድን ለሚፈልግ ሰው የትኛው ያዋጣል?

የአሜሪካ ባንኮች ለደንበኞቻቸው ሳንቲም በጥቅልና በሳጥን ይሰጣሉ። አገልግሎቱ የታሰበው የመልስ ሳንቲም ለሚያጥረው ሱቅ ነው። ሆኖም 500 ዶላር ከፍሎ 500 ዶላር ሳንቲም የወሰደ ሰው ውስጡን ፈትሾ የፈለገውን ማስቀረት፣ የቀረውን ያለ አንዳች ቅናሽ መመለስ ይችላል። ፈትተው፣ አገላብጠው፣ መርጠው የተረፈውን በገዙበት ዋጋ የሚመልሱት ሸቀጥ ሌላ አይገኝም። የሚከስረው ጊዜና ቤንዚን ነው። ስለዚህ ሳጥኖቹ እዚህ የሚመዘኑት ለሚወስዱት ሰዓት በሚሰጡት ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ይታወቅ። 1964 ወይም ከዚያ በፊት ያለ ዓመት የተጻፈበት ዳይም (ባለ10 ሳንቲም)፣ ኳርተር (ባለ25) እና ሃፍ ዶላር (ባለ50) 90 በመቶ ብር፣ 10 በመቶ መዳብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ ሳንቲሙ ላይ እንዳሉት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በጁላይ 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ሕግ ከዳይምና ከኳርተር ብሩን ጨርሶ አስወጣው፤ ሃፍ ዶላር ግን እስከ 1970 ድረስ 40 በመቶ ብር ይዞ ቆየ። ከ1971 ወዲህ እሱም እንደ ሌሎቹ መሐሉ መዳብ፣ ሁለቱ ፊቶቹ የመዳብና የኒክል ቅይጥ ሆነ። ባለ5 ሳንቲሙ ኒክል ደግሞ ከ1942 አጋማሽ እስከ 1945 ድረስ 35 በመቶ ብር ነበረበት፤ የኒክል ማዕድን ለጦርነቱ ስለተፈለገ በብርና በማንጋኒዝ ተተክቶ ነው።

በውስጣቸው ያለው ንጹሕ ብር በትሮይ አውንስ (31.1 ግራም) ሲሰላ ዳይም 0.0723፣ ኳርተር 0.1808፣ ባለ90 ሃፍ 0.3617፣ ባለ40 ሃፍ 0.1479፣ የጦርነቱ ኒክል 0.0563 ይይዛሉ። የዕለቱን የብር ዋጋ በእነዚህ ማባዛት ነው። አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን ዳይሟ 2.17፣ ኳርተሩ 5.42፣ የ1964ቱ ሃፍ 10.85፣ ባለ40ው 4.44፣ ኒክሉ 1.69 ዶላር ያወጣሉ ማለት ነው። ብር በተወደደ ቁጥር ሂሳቡም አብሮ ያድጋል፤ የፈላጊውም ቁጥር እንደዚያው።

ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው የሃፍ ዶላር ሳጥን ነው። 500 ዶላር፣ 50 ጥቅል፣ በጥቅል 20፣ በድምሩ 1,000 ሳንቲም፤ ክብደቱ ከ11 ኪሎ በላይ ስለሆነ ከባንክ በር እስከ መኪና ድረስ ይታሰብበት። ሰው በሃፍ ዶላር አይገበያይም። ብዙው ከአያት መሳቢያ በቀጥታ ወደ ባንክ ካዝና ገብቶ እዚያው ይከርማል። ብር ሊሆን የሚችልበት ዘመንም ከዳይምና ከኳርተር በስድስት ዓመት ይረዝማል። እንከኑ ግን ይህን ሁሉም ፈላጊ ማወቁ ነው፤ ሳጥኑ ትናንት ሌላ ሰው ፈትሾ የመለሰው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ፈላጊ በፈተሸው ሳንቲም ላይ በማርከር ትንሽ ነጥብ ያሳርፋል። ያው ነጥብ በተከታታይ ሳጥኖች ላይ ከመጣ ከዚያ ቅርንጫፍ ሃፍ ማዘዝ ማቆም ይሻላል። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ዓመት ብቻ የተጻፈበት ሳንቲም የሞላ ሳጥን ከመጣም ጥቅሎቹን ሳይፈቱ መመለስ ነው፤ ከማምረቻው በቀጥታ የመጣ ስለሆነ ምንም አሮጌ የለበትም።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። የጥቅሉን አንድ ጫፍ ከፍተው ሃያውን ሳንቲም ሳይበትኑ በትሪ ላይ ያጋድሙ። ከጎን በሚመጣ ነጭ መብራት ጠርዛቸውን ይመልከቱ። ተራው ሳንቲም በጠርዙ ዙሪያ ቀላ ያለ የመዳብ መስመር አለው፤ ባለ90ው ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ተንኮለኛው ባለ40ው ነው። ጠርዙ ነጭም ቀይም ሳይሆን ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ ስለሚሆን ጠርዝ ብቻ አይቶ የሚያልፍን ሰው የሚያመልጠው እሱ ነው። መድኃኒቱ ዓመቱን ማንበብ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው 1,000 ብቻ ስለሆነ ይቻላል። ከ1965 እስከ 1969 ያለ ሁሉ ይቀራል። 1970 ብርቅ ነው፤ ለዝውውር አልወጣም፣ ማምረቻው ለሰብሳቢዎች አሽጎ በስብስብ ከሸጠው ውስጥ ሰው አውጥቶ ያጠፋው ካልሆነ በቀር አይመጣም።

ዓመት ማንበብ ሌላም ትርፍ አለው። ከ2002 እስከ 2020 ድረስ ሃፍ ዶላር ለሰብሳቢ ብቻ ነበር የሚታተመው፤ ወደ ዝውውር የተመለሰው በ2021 ነው። የ1987ቱም እንደዚያው በስብስብ ብቻ የተሸጠ ነው። እነዚህ ብር ባይኖራቸውም ከተጻፈባቸው ዋጋ በላይ ይሸጣሉ። «ኤስ» ፊደል (የማምረቻው ምልክት ነው፤ «ፒ» ፊላዴልፊያ፣ «ዲ» ዴንቨር፣ «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮ) ያለበትና ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ካገኙ ደግሞ ለሰብሳቢ የተዘጋጀ ፕሩፍ ነው። ዓመቱ 1992 ወይም ከዚያ ወዲህ ሆኖ ጠርዙ የመዳብ መስመር ከሌለው የብር ፕሩፍ ነውና በጣት ፊቱን ሳይነኩ፣ ጠርዙን ይዘው ወደ መያዣ ያስገቡት።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው 1776-1976 የሚል ድርብ ዓመት ያለበትን ሁሉ ብር ነው ብሎ ማከማቸት ነው። በገበያ የወጣው ብር የለበትም፤ 40 በመቶ ብር ያለው በስብስብ ከተሸጠው የ«ኤስ» ምርት ውስጥ ነው፣ እሱም ጠርዙ ታይቶ ይለያል። ሁለተኛው የውሸት ነጭ ጠርዝ ነው። ሳንቲሙ ከብረት ወረቀቱ ሲቆረጥ የላይኛው የኒክል ቅይጥ መዳቡ ላይ ተጎትቶ ሊሸፍነው ይችላል፤ ግማሽ ጠርዙ ነጭ፣ ዓመቱ ግን 1996 የሆነ ሳንቲም እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ሳይደነግጡ ዓመቱን ማየት ብቻ ነው።

ከሳጥንም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ደንበኛ በእጁ ጠቅልሎ ለባንክ ያስረከበው ጥቅል። የሳጥን ሳንቲም በብሪንክስ ወይም በሉሚስ ዓይነት ገንዘብ አጓጓዦች ማሽን ተቆጥሮ፣ ተደባልቆ፣ እንደገና የተጠቀለለ ነው። በእጅ የተጠቀለለው ግን ከአንድ ቤት ማሰሮ የወጣ ነውና የአንድ ዘመን ሳንቲም አንድ ላይ ይገኝበታል። የሚለየው በጫፉ ነው፤ የማሽኑ ጥቅል ጫፉ እኩል ተጠቅልሎ የጠበቀ፣ የእጁ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት ነው። መደበኛው የወረቀት ቀለም ለፔኒ (ባለ1 ሳንቲም) ቀይ፣ ለኒክል ሰማያዊ፣ ለዳይም አረንጓዴ፣ ለኳርተር ብርቱካናማ ነው። የደበዘዘ ወረቀት፣ አሁን የሌለ ባንክ ስም የታተመበት፣ በእጅ ጽሑፍ ስም ያለበት ከሆነ አይለፍ። ወደ መስኮቱ ሄዶ «የሃፍ ዶላር ጥቅል ወይም በእጅ የተጠቀለለ ሳንቲም አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ከሆነማ መስኮቱ ላይ ያለችው የእኛው ልጅ ልትሆን ስለምትችል «እህቴ፣ በመሳቢያሽ ነጠላ ሃፍም ካለ እወስዳለሁ» ማለት ነው። በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ ነጠላ ሃፎች ማሽን ስላልነካቸው ከሳጥን የተሻሉ ናቸው። ሰልፍ ባለበት ሰዓት ይህን መጠየቅ ግን ለሌላ ጊዜ ፊት ያስነሳል።

የዳይም ሳጥን በገንዘብ ቀላሉ ነው፦ 250 ዶላር፣ 2,500 ሳንቲም፣ ክብደቱም ከ5 ኪሎ ተኩል ብዙ አያልፍም። በአንድ ዶላር ብዙ ሳንቲም ስለሚታይ በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው ይስማማል። ጠርዝ ማየት ይበቃዋል፤ ነጩ ዳይም በሃምሳ ቀያይ መስመሮች መሐል ቶሎ ይታያል። ግን ጠርዙ ቀጭን ነው፣ ዓይን ይደክማል፣ ከጥቂት ጥቅል በኋላ እረፍት ያስፈልገዋል። ከብሩ ሌላ የሚፈለገው የማምረቻ ፊደል የሌለበት የ1982 ዳይም ነው፤ «ፒ» መኖር ሲገባው በስሕተት ሳይኖር የወጣ ነው። እስከ 1979 ድረስ ያሉት ዳይሞች ብዙዎቹ ፊደል ስለሌላቸው ከዓመቱ ጋር ተያይዞ ይታይ።

ኳርተር ለብር አይመከርም። 500 ዶላር ታስሮ የሚገኘው ያነሰ ነው። ፓርኪንጉም፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑም፣ መልሱም በኳርተር ስለሚሠራ ስልሳ ዓመት ሙሉ በሁሉ እጅና በሁሉ ማሽን ሲበጠር ኖሯል፤ ከ1999 ጀምሮ የክፍለ ሀገሮቹ ኳርተሮች ሲወጡም ሕዝቡ በሙሉ ኳርተር ማገላበጥ ለመደ። የሚያድነው አንድ ነገር ቢኖር «ደብሊው» ፊደል ነው። በ2019 እና በ2020 የዌስት ፖይንት ማምረቻ በየዓመቱ አምስት፣ በድምሩ አሥር ዓይነት ኳርተር እያንዳንዱን 2 ሚሊዮን ብቻ አትሞ ሆን ብሎ ከተራው ጋር ደባልቆታል። ፊደሉ ከጆርጅ ዋሽንግተን ምስል በስተቀኝ፣ ከአንገቱ አጠገብ ነው። የ2004 ዲ ዊስኮንሲን ኳርተር ደግሞ በበቆሎው ላይ ትርፍ ቅጠል ያለበት ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ቅጠሉ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። በፓርኪንግ ወይም በሱቅ የሚሠራ ሰው ሳጥን ከማዘዝ ይልቅ የዕለቱን ካሽ ከማስረከቡ በፊት በራሱ ገንዘብ ቀይሮ ቢያይ ያው ነው፤ አሠሪው ፈቃደኛ ከሆነ።

ሰብሳቢ ከሆኑ ምርጡ ሳጥን የኒክል ነው፤ እዚህ ላይ ብዙው ፈላጊ አይስማማም። ሳጥኑ 100 ዶላር፣ 50 ጥቅል፣ በጥቅል 40፣ 2,000 ሳንቲም፣ 10 ኪሎ ነው። የኒክል ሳንቲም ውሑድ ከ1866 ጀምሮ 75 በመቶ መዳብ፣ 25 በመቶ ኒክል ነው፤ የተለወጠው በጦርነቱ ዓመታት ብቻ ነው። ሕዝቡ በ1960ዎቹ ብር ሲለቅም ኒክልን አልነካውም። ለዚህ ነው የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ኒክል ዛሬም በመልስ የሚመጣው። ጠርዙ ግን ምንም አይናገርም፤ እያንዳንዱን ማገላበጥ ግድ ነው፣ ጊዜውም ከሃፍ በእጥፍ ይበልጣል።

የጦርነቱን ኒክል ዓይን ከለመደ በቀለሙ ይለየዋል። ብሩና ማንጋኒዙ ሲያረጅ ጠቆር ያለ፣ ቅባት የነካው የሚመስል ግራጫ ይሆናል። ማረጋገጫው ጀርባው ነው፦ ከሞንቲቼሎ ቤት ጉልላት በላይ ትልቅ «ፒ»፣ «ዲ» ወይም «ኤስ» አለ። የ1942 ኒክል ሁለት ዓይነት ስለሆነ ዓመቱ አይበቃም፤ ትልቁ ፊደል ከሌለ ብር የለም። በነገራችን ላይ በዚያው ጦርነት ዘመን የፊላዴልፊያው ማምረቻ ለኢትዮጵያም ሳንቲም ያትም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስልና ፲፱፻፴፮ የሚለው የእኛው ዓመት ያለበት የ50 ሳንቲም ብር ከ1944 ጀምሮ ከዚያ ወጥቷል፤ መጀመሪያ የወጣው 80 በመቶ ብር ነበር። በቤተሰብ ሙዳይ ውስጥ ያለው ሰው ከጌጥ ጋር እንዳያቀልጠው።

ከብሩ ውጭ በኒክል ውስጥ የሚፈለጉት ጥቂት የታተሙት ናቸው፦ 1950 ዲ (2.63 ሚሊዮን ብቻ)፣ 1939 ዲ፣ 1938 ዲ እና ኤስ። ከአዲሶቹ 2009 ከሁለቱም ማምረቻ አነስተኛ ስለሆነ ይቀመጣል። ከ1913 እስከ 1938 የታተመው የጎሹ ኒክል ብዙ ጊዜ ዓመቱ ተፍቆ ነው የሚመጣው፤ ዓመቱ የተጻፈበት ቦታ ከፍ ብሎ ስለነበር ቀድሞ ያልቃል። ዓመቱን በአሲድ የሚያወጡ አሉ፣ ግን ፊቱ ላይ ጠባሳ ስለሚተው ዋጋው አይመለስም።

የፔኒ ሳጥን 25 ዶላር ስለሆነ ለልጆች ጥሩ ትምህርት ነው፣ ለገንዘብ ግን ደካማ። ብር አይገኝበትም፤ የሚፈለገው ከ1909 እስከ 1958 ያለው ጀርባው ላይ የስንዴ ዛላ ያለበት ነው። እስከ 1982 ድረስ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ፣ 3.11 ግራም ነበር፤ በዚያው ዓመት ውስጥ ወደ ዚንክ ተቀየረና 2.5 ግራም ሆነ። የ1982ቱን በሚዛን መለየት ይቻላል። መዳቡን አቅልጦ ለመሸጥ የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ፔኒና ኒክል ማቅለጥ እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ወይም እስከ አምስት ዓመት እስር ያስከትላል። የ1943 ፔኒ ብረት ነውና ማግኔት ይይዘዋል፤ «የመዳብ 1943» አገኘሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጋ፣ ብዙው በመዳብ የተነከረ ብረት ነው። ለገበያ የሚውል ፔኒ ማተም በኖቬምበር 2025 ስለቆመ ሳጥን ከማዘዝዎ በፊት ቅርንጫፉ አሁንም ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። የዶላር ሳንቲም ሳጥን 1,000 ዶላር አስሮ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ እንለፈው።

ጥቅሉን ሳይፈቱ በሚዛን ብር መለየት ይቻላል የሚለው ምክር አይሠራም። ተራ ዳይም 2.268፣ የብሩ 2.5 ግራም ነው። አንድ ብር የገባበት የ50 ዳይም ጥቅል የሚጨምረው 0.23 ግራም ብቻ ሲሆን የሃምሳው ሳንቲም መልበስና የወረቀቱ ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። ማግኔትም ለአሜሪካ ብር አይረዳም፤ ብሩንም ተራውንም አይስብም። የሚጠቅመው ለካናዳ ነው። የካናዳ ዳይምና ኳርተር እስከ 1966 ድረስ 80 በመቶ ብር ነበሩ፣ በ1968 ደግሞ ከፊሉ 50 በመቶ ብር፣ ከፊሉ ንጹሕ ኒክል ሆኖ ወጣ። የ1968ቱን ማግኔት ካልያዘው ብር ነው፣ ከያዘው ኒክል።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን መመለሱ ላይ ነው። ሳጥን የሚታዘዝበት ባንክና ሳንቲም የሚመለስበት ባንክ የተለያዩ ይሁኑ፤ አለዚያ የራስዎን ውዳቂ መልሰው ይገዛሉ፣ ቴለሮቹም ይሰለቻሉ። ማዘዣው ብዙ ጊዜ አካውንት ይጠይቃል፣ ሳንቲሙም በሳምንት በተወሰነ ቀን ነው የሚመጣው። በተለይ በቢዝነስ አካውንት በጥቅል ወይም በሳጥን የሚያስከፍል ባንክ ስላለ ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ክፍያ ካለ ሂሳቡ ይፈርሳል። ለመመለስ ነጻ ቆጣሪ ማሽን ያለው ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ይፈለግ። ብዙ ማሽን ግን ሃፍ ዶላር ስለማይቀበል ወይም ስለሚጨናነቅ መጀመሪያ ይረጋገጥ። በሱፐርማርኬት ያለው ኮይንስታር የተባለው ቆጣሪ ማሽን በጥሬ ገንዘብ ሲመልስ ይቆርጣልና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሆኖም ባለፉ ቁጥር የተመላሽ ኪሱን ማየት አይከፋም፤ ብርን ማሽኑ ስለማያውቀው ይተፋዋል፣ ባለቤቱም ትቶት ይሄዳል።

ሳጥን ውስጥ ጎዶሎ ጥቅል ይኖራል፤ ሃያ መሆን ሲገባው አሥራ ዘጠኝ። ከባንክ ከወጡ በኋላ የሚተካልዎ የለም፤ ወረቀቱን ይዘው ቢሄዱ አንዳንዱ ይሰማል። በቀን ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ሲገባ ወይም ሲወጣ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሳንቲምም ይቆጠራል። ሪፖርቱ ራሱ ችግር የለውም፤ ከሪፖርቱ ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው።

የተገኘው ብር አይወልወል። ቤት ውስጥ ጌጥ የሚታጠብበት ሎሚም ሆነ አመድ ሳንቲም ላይ ጭረት ይተዋል፣ ገዢውም ገና በመብራት ሲያዘነብለው ያየዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አይከተት፤ ጊዜ ሲያልፍ አረንጓዴ ቅባት ያበጃል። ጠንካራ የሳንቲም ቱቦ ርካሽ ነው። ለመሸጥ ሲሄዱ ባለ90ውን፣ ባለ40ውንና የጦርነቱን ኒክል ለየብቻ ቆጥረው ይያዙ፤ ሁሉንም በአንድ ዋጋ የሚጠቀልል ነጋዴ ባለ90ውን በባለ40ው ዋጋ ሊወስደው ነው። ባለ40ውና ኒክሉ ለማጣራት ወጪ ስለሚበዛባቸው ከብራቸው ዋጋ ዝቅ ብለው ይገዛሉ፤ ያ የተለመደ ነው፣ ግን ቅናሹ ስንት እንደሆነ ቢያንስ ከሁለት ሱቅ ጠይቆ መሸጥ ነው።